ብሉ ባሮና የአሪየት ዶቃ

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ሜሮን ባጃጅ ይዛ ደጄ ቆመችና «አክስቴ፣ ዛሬ አዝናናሻለሁ፤ እምቢ ማለት የለም» አለችኝ። ሜሮን ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ አቧራ ስትቅም ትከርምና ዓርብ ሲደርስ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ትወጣለች። አይፈረድባትም። ኒውላንድ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደችኝ፣ አዲስ የተከፈተ «ላውንጅ» ወደሚሉት ቤት። ወንበሩ ከመሬት እምብዛም አይነሳም፤ አንዴ ከተቀመጡ ለመነሳት ሰው መጥራት ያስፈልጋል። አንድ ጢሙን ያሰመረ ጎረምሳ የብረት ጣሳ ጆሮው አጠገብ እያንቀጫቀጨ የሆነ ነገር ይበጠብጣል። ሜሮን የከተማውን ቤቶች ትዘረዝርልኛለች፦ ባሮን እያዩ የሚጠጡበት አለ፣ ፎቅ ላይ ሙዚቃ ያለበት አለ፣ አናናስ ፈልፍለው በውስጡ የሚያቀርቡበትም አለ። «ከተማችን እኮ አደገች አክስቴ!» ትለኛለች። እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ ሳለ ያ ጎረምሳ እግሩ የቀጠነ ብርጭቆ ፊቴ አኖረ። ውስጡ ያለው መጠጥ ሰማያዊ ነው። ሽታው፣ ያ የሎሚና የከረሜላ ሽታ፣ ሽቅብ አፍንጫዬ ሲገባ ወደኋላ ሸሸሁ።

«ምነው አክስቴ? ፊትሽ ተለወጠ።»

«ሰማያዊ መጠጥ አልወድም።»

«ቀለም እኮ ነው!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አልኳትና ብርጭቆውን በጣቴ ጫፍ ገፋሁት። እሷ ሳቀች፣ ፎቶ አነሳችው፣ ጠጣችው። ቤቴ ገብቼ ምንም ያልቀመሰ አፌን ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ። ለልጅቷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጋምቤላ ገና ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በጨርቅ ነው። ቴትሮን ሸሚዝ እየቀረ፣ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ የሴት ኮት እየገባ ነበር። አባቴ ከጎሬ ጨውና ቡና ይዞ ወርዶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ ባሮ ውስጥ ታጥቤ አደግኩ፣ የንዳድ በሽታ እየጣለኝ እያነሳኝ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ባለ ፔዳል መኪናዬን ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከድሮው የወደብ መጋዘን ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ አቁሜ እሠራ ነበር። ያች ማዕዘን! አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ የአኙዋና የኑዌር ሴቶች ዓሣና ባሚያ ዘርግተው ይቀመጣሉ። በስሙኒ እቅፍ ሙሉ ማንጎ ይገዛ ነበር፤ ለነገሩ ማን ይገዛዋል፣ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው እየረገጠው ነው የሚያልፈው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ግዙፍ ወፎች፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው በዓሣው አንጀት ዙሪያ ይንጎራደዳሉ። ከካሴት ሻጩ ሱቅ የሱዳን ዘፈን፣ ከእሱ ቀጥሎ የአማርኛ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል በአኙዋኛ የሚዘመር መዝሙር ይመጣል። ቢራ ርካሽ ነበር፤ ቀዝቃዛ ቢራ ግን አልነበረም። ሰው የሚጠጣው ማታ ማታ በየግቢው፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ማንም «ስታይል» የሚባል ነገር አልጠየቀም።

ከዚያ ክልል ሆንን። እኔ ለዚህ ክፉ ቃል የለኝም፤ የአገሩ ልጆች በገዛ ቤታቸው ወንበር ማግኘታቸው ደግ ነገር ነው። ችግሩ ከወንበሩ ጋር የመጣው ነው። በየቀኑ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል። ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ በዚያ እሳት በሆነ ሙቀት ኮት የለበሰ ሰው ከተማውን ሞላው። ከየት እንደመጡ አልናገርም፤ ከየትም ይመጣሉ። ኮታቸውን የሚያመጡት እኔ ዘንድ ነው። ብብቱ በላብ በስብሶ፣ ገበሩ ተበልቶ፣ ኪሱ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭና የተጨማደደ ሶፍት። ስፈታው እጄ ይጣበቃል። አንዳንዱ ኮት ክንዱ ላይ የደረቀ ትውከት አለበት፤ «የወጥ ነጠብጣብ ነው» ይሉኛል። ወጥ የማላውቅ ይመስል! የሰውን ኮት ከውስጥ በኩል የምታይ ሴት ሰውዬውን በአደባባይ ስታየው ለመስገድ ይከብዳታል።

ለእነዚህ ሰዎች መዝናኛ የከፈተው አቶ ሰይፉ ነው። አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ሠርቻለሁ የሚል፣ ፀጉሩን በቅባት ወደኋላ የላገ፣ ሲያወራ ሰው ክንድ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው። ከወንዙ በላይ ያለውን አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ተከራየና ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን ሁሉ ሰማያዊ ቀባው። አምፖሉም ሰማያዊ። ስሙን «ብሉ ባሮ ኮክቴል ባር» አለው። ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ በጭነት መኪና አስመጣ፤ ከዚያ በፊት በረዶ በብርጭቆ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ለማየት ተሰለፈ። እኔንም መጥቶ «እትዬ ትርንጎ፣ መጋረጃውንና የአስተናጋጆቹን ልብስ አንቺ ትሰፊልኛለሽ፤ ሰማያዊ፣ ሁሉም ሰማያዊ» አለኝ። ጨርቁ ግሩም ነበር፤ ሳይዋሽ ልናገር፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ሳቲን። ስቆርጠው መቀሱ እንኳ ደስ ይለው ነበር።

ታዲያ መጋረጃ ልለካ ከባንኮኒው ኋላ ስገባ ያየሁትን አየሁ። መደርደሪያው ላይ የውጭ አገር ስም ያላቸው ጠርሙሶች ተሰልፈዋል፤ ከሥር ደግሞ የአረቄ ጀሪካን ከነማንቆርቆሪያው። ጠርሙሶቹ የሚሞሉት ከጀሪካኑ ነው። ሰማያዊው ነገር በባልዲ የተበጠበጠ የዱቄት ቀለምና ስኳር ነው፤ ባልዲው ጠረጴዛ የሚወለወልበት ጨርቅ ሲነከርበት በዓይኔ አይቻለሁ። ከብርጭቆ ጫፍ የሚሰካው ሎሚ እንግዳው ሲሄድ ይለቀምና ታጥቦ ለሚቀጥለው ይሰካል። ታጥቦ ካልኩ አጋነንኩ። በረዶው ከባሮ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ነው፤ በውስጡ ትንኝ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጣ ትታያለች። ይህ ሁሉ በወረቀት ጃንጥላ አጊጦ ሲወጣ ዋጋው የአራት ቢራ ነው። ባለ ኮቶቹ ደግሞ ትንሿን ጣታቸውን ቀስረው እየጨለጡ «ይኸው ሥልጣኔ!» ይባባላሉ። እኔ መጋረጃዬን ለክቼ ወጣሁ። ስለ መጠጡ ማን ጠይቆኝ?

አሪየትን ያወቅኋት በዚያው ሰሞን ነው። አሪየት የአኙዋ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ቁስል የምታጥብ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምራኑን የምትመራ፣ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር። የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። «እትዬ፣ ነጭ ይሁን። አበባ ብዙ አልፈልግም። እኔ ኬክ አይደለሁም» አለችኝና ወዲያው ወደድኳት። እጮኛዋ አቦቦ ውስጥ የሚያስተምር ልጅ ነው። የእሱ ቤተሰብ በአገራቸው ወግ ዲሙይ ሰጥተዋል። ዲሙይ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ተራ ዶቃ። አዲስ አይሠራም፣ ከገበያ አይገዛም፤ ከቅድመ አያት ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የመጣ ነው። ወንድ ልጅ ሚስት ሲያገባ የእሱ ወገን ለሴቷ ወገን ይሰጣል፤ የሴቷ ወገን ደግሞ ያንኑ ዶቃ ለራሱ ወንድ ልጅ ሚስት ያመጣበታል። ስለዚህ የአሪየት ዲሙይ የወንድሟ የኦሞት ሚስት ነው ማለት ነው። አባታቸው ስለሞተ ዶቃውን የያዘው ኦሞት ራሱ ነበር፤ እሱም አባንግ የምትባል የአቦቦ ልጅ በልቡ ይዟል። አሪየት ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ወገቧን ስለካ ነው። «እኔ ስሄድ እሷ ትመጣለች። ቤታችን ባዶ አይሆንም» አለች።

ኦሞት መልከ መልካም ነበር፤ ቁመቱ የብሉ ባሮን በር ይነካል። አቶ ሰይፉም ለዚሁ ቁመቱ ብሎ በር ላይ አቆመው፤ ነጭ ሸሚዝና ፓፒዮን አስሮ እንግዳ ይቀበላል። እኔው ነኝ ፓፒዮኑን የሰፋሁለት። ልጅ ነውና ከዚያ ቤት ሌላ ዓለም ያለ አይመስለውም ነበር። አቶ ሰይፉ ክንዱ ላይ እጁን አሳርፎ «የኔ አንበሳ፣ እስቲ ከባህላችሁ አንድ የሚያምር ነገር አምጣልኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ እንግዳ ሁሉ እንዲያደንቅ» ሲለው፣ ሰው የቆጠረው መስሎት ደስ አለው። ዶቃውን ከእናቱ ሣጥን አውጥቶ ወሰደለት። ለግድግዳ። ለአንድ ሳምንት።

ያን ቅዳሜ አቶ ሰይፉ «የኮክቴል ግብዣ» ብሎ የከተማውን ባለ ኮት ሁሉ ጠርቶ ነበር። ፀሐይ ገና ባሮ ላይ ሳለች ቤቱ ሞላ። እኔ የመጋረጃው ጠርዝ ረዝሞ ወለል ይጠርጋል ተብዬ ተጠራሁና መርፌ በአፌ፣ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ጥግ ላይ እጠልፋለሁ። ካሴቱ ይጮሃል፤ የሲጋራው ጭስ፣ የሽቶው፣ የላቡ ሽታ፣ ያ የከረሜላ ሽታ። ኛቦል የምትባል የኑዌር ልጅ፣ እኔ በሰፋሁላት ሰማያዊ ጉርድ፣ ትሪ ይዛ አጠገቤ አለፈች። ብርጭቆዎቹን ቀና ብዬ ሳይ በእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ሰማያዊ ነገር ተቀምጧል። ከረሜላ መሰለኝ። ደግሜ አየሁ። ከተነሳሁበት እንዴት ባንኮኒው ጋ እንደደረስኩ አላውቅም።

«አቶ ሰይፉ፣ ይሄ ዶቃ ከየት መጣ?»

«አየሽው? ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያበራ! <የባሮ ዕንቁ> ብዬዋለሁ። የጠጣ ሰው ዶቃውን ለማስታወሻ ይወስዳል።»

«ሰውየው! ይሄ እኮ ልጁ ሚስት የሚያገባበት ነው! የቤተሰብ ነው! ክሩን በጠስከው?»

«ኧረ እትዬ ትርንጎ፣ አሮጌ ብርጭቆ ነው። ከመርካቶ አንድ ሣጥን አዲስ አስመጣለታለሁ» አለና ክንዴን ነካ አደረገኝ። እጁ እርጥብ ነበር። እስከ ዛሬ ያ እርጥበት እዚህ ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ወደ በሩ ዞርኩ። ኦሞት ትሪውን አይቷል። በአንድ እጁ ፓፒዮኑን ይዟል፤ እግሩ ግን አይንቀሳቀስም። አልፌው ወጣሁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ፤ ቅርብ ነው። መዘምራኑ ልምምድ ላይ ነበሩ። አሪየት ፊቴን አይታ መዝሙሩን አቋረጠች። በሁለት ቃል ነገርኳት። ነጩን የመዘምራን ቀሚሷን እንኳ አላወለቀችም፤ እየሮጠች አይደለም የሄደችው፣ እየተራመደች ነው፤ እኔ ግን እየሮጥኩ አልደረስኩባትም።

ገባች። ከኛቦል እጅ አንድ ባዶ ትሪ ተቀብላ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ቀረበች። «ይቅርታ። ይሄ ዶቃ የቤታችን ነው። በስህተት መጣ። ስጡኝ» አለች። ድምጿ አልጮኸም። አንድ ፈረንጅ ደንግጦ ተነሳና በማንኪያ አውጥቶ ሰጣት፤ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር። አንዳንዱ ሰጠ፣ አንዳንዱ ካልደነስሽልኝ አልሰጥም አለ፣ አንዱ ኪሱ የከተተውን «የገዛሁት ነው» ብሎ ሲሟገት ኛቦል በራሷ እጅ ከኪሱ አወጣችው። ኛቦል የማንን ወገን ዶቃ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ጉርዷን ሰብስባ ከየጠረጴዛው ሥር የወደቀውን በጉልበቷ እየዳኸች ለቀመች። እኔም አብሬያት ዳኽሁ። ወለሉ ተጣባቂ ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ከታች ወደ ላይ ታይቶ አያውቅም፦ የተፈታ ጫማ፣ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት፣ በጠረጴዛ ሥር የሰው ጭን የሚፈልግ እጅ።

የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ኮት የለበሰ፣ ሁሉ የሚያሽቃብጥለት አንድ ትልቅ ሰውዬ ነበር። ኮቱን አውቀዋለሁ፤ ገበሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አሪየት ትሪዋን ስትዘረጋለት ብርጭቆውን ጨለጠና ዶቃውን ምላሱ ላይ አስቀምጦ አወጣላት። ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል። «ነይ፣ አውጪው» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አሪየት እጇን ዘርግታ ቆመች። እሱ ዓይኗን እያየ ምላሱን መለሰና ዋጠው። ከዚያ ሆዱን መታ መታ አደረገ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅል ደረሰ። አሪየት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«በእኛ ዘንድ ዲሙይ የወሰደ ሰው ሴት ልጁን ይሰጣል» አለች። «አንተ ወስደሃል። ሆድህ ውስጥ ነው። እንግዲህ ለወንድሜ ልጅህን ትሰጠዋለህ?»

ማን እንደዘጋው አላውቅም፣ ካሴቱ ቆመ። ሰውዬው ሴት ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። «ምን አልሽ አንቺ?» ብሎ ተነሳና የጎረቤቱን ሙሉ ብርጭቆ አንስቶ ደረቷ ላይ ደፋባት። ነጩ ቀሚስ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሰማያዊ ሆነ። በዚያ ሁሉ ባለ ኮት መሃል አንድ «ኧረ ነውር ነው!» ያለ አፍ አልነበረም። አቶ ሰይፉ ፎጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። ለእሷ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛውን ወለወለ።

«ዘበኛ! አስወጣት!» አለ ባለ ነጭ ኮቱ።

ኦሞት መጣ። እየመጣ ሳለ ፓፒዮኑን ፈታና መሬት ጣለው። «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ አላጠፋችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁ። አቶ ሰይፉ፣ አንተ ለግድግዳ ብቻ ብለኸኝ ነበር።»

«ግድግዳ ላይ ማን ያየዋል?» አለ አቶ ሰይፉ፣ እውነቱን ነው፣ ምንም ሳያፍር።

ኦሞት ሊመታው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ትሪውን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ወደ በሩ እየሄደ ነበር፤ እሷ ከኋላው። ኛቦልም የለቀመችውን ትሪው ላይ ጨምራ አብራቸው ወጣች፤ ተመልሳም አልገባች። እኔ መርፌዎቼን ሰብስቤ ተከተልኳቸው። የመጋረጃው ጠርዝ እስከ መጨረሻው ወለል ሲጠርግ ኖረ።

በማግስቱ ብሉ ባሮ ባዶ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ሞልቶ ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸኝ ይሄ ነው። ሰውዬው በዋጠው ዶቃ ላይ ቀልድ ተፈጥሮ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ በረንዳዬ ድረስ መጥቶ የነገረኝ አለ። ኮቱን ሳልሰፋለት መለስኩት።

አሪየት ግን አልቀለደችም። አጎቷንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ በጠዋት ባለ ነጭ ኮቱ ቤት ሄደች፤ አማርኛ ለማስተርጎም እሷ፣ ቤቱን ለማሳየት እኔ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ሰውዬው በመስኮት አይቶ ተደበቀ። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ሲያገኛቸው እንኳ አልተነሱም። መንገደኛው ቆሞ ማየት ሲጀምር ሚስቱ ወጣች፤ ሙሉ ሴት፣ ጨዋ፣ እኔ ዘንድ ልብስ የምታሰፋ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው እናንተ ሰዎች?»

አጎትየው ተናገረ፤ አሪየት ተረጎመች። «ባልሽ የቤታችንን ዶቃ ውጧል። እስኪመልስ እንጠብቃለን፣ ነው የሚለው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ያገባችውን ሰው ገና ያየችው ያን ጠዋት ነው። «ዛሬ ሂዱ» አለች በመጨረሻ። «ራሴ አመጣዋለሁ። በእናቴ እምላለሁ።»

አመጣችም። ምን እንዳደረገች በኋላ ቀሚስ ስለካላት ነግራኛለች። የወባ መድኃኒት ነው ብላ የጉሎ ዘይት አጠጣችው፤ በሩን ቆለፈችበት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሠራተኛ ሳታስነካ፣ ፊቷን አዙራ፣ በገዛ እጇ ፈለገች። «ወልጃለሁ፣ በሽተኛ አስታምሜያለሁ፣ ሬሳ አጥቤያለሁ» አለችኝ። «ያን ቀን ያህል ግን ተጸይፌ አላውቅም። ደግሞ የተጸየፍኩት እጄ ላይ የነበረውን አይደለም።» ዶቃውን በአመድ አሽታ፣ ደጋግማ አፍልታ፣ በጥጥ ጠቅልላ እኔ በረንዳ ላይ ለአሪየት አስረከበቻት። አጎትየው እጁን ሰበሰበ። አሪየት ጥጡን ገልጣ ዶቃውን በባዶ መዳፏ ያዘችው፣ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «እኔ በየቀኑ ቁስል አጥባለሁ» አለች ለሴትዮዋ። «የታጠበ ነገር ንጹሕ ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ።» ሴትዮዋ አለቀሰች።

ብሉ ባሮ ብዙ አልቆየም። የገደለው ኅሊና አይደለም፤ ክረምት ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ናፍጣ ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ቆመ፣ በረዶው ቀለጠ፤ ያለ በረዶ ያ መጠጥ የቀለም ውሃ መሆኑን ባለ ኮቶቹ ራሳቸው ደረሱበት። አቶ ሰይፉ ማቀዝቀዣውን ጭኖ ሄደ፤ ሌላ አዲስ ከተማ ሌላ ቤት ከፈተ ሲባል ሰማሁ። ባለ ነጭ ኮቱ ዕድገት ተሰጥቶት ተዛወረ። እንደዚያ ያለ ሰው ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የሚዋጥ። ሚስቱ አብራው አልሄደችም፤ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች።

አሪየት እኔ በሰፋሁላት ነጭ ቀሚስ ተዳረች። ኦሞት ግን ከቤት አልወጣም አለ፤ ሰው ያሾፍበት ነበር፣ «የዓይነ ምድር ሙሽራ» እያሉ። በበጋው አጎትየው ልጁ እያየ ዶቃውን አዲስ ክር ላይ ሰክቶ «ተነሳ፣ የአባንግ አባት ዘንድ እንሄዳለን» አለው። አሪየት እኔንም ጠራችኝ። አቦቦ የሄድነው የሠፋሪዎች በቆሎ ሊጭን በሚሄድ መኪና ላይ ነው። 

የአባንግ አባት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ክሩን ተቀብለው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው መሃል እያሹ፣ ወደ ፀሐይ እያነሱ ያዩ ጀመር። ወሬው እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም፤ ሰው ሁሉ ጣታቸውን ያያል። መሃል ላይ ቆሙና አንድ ነገር ጠየቁ። አሪየት ጆሮዬ ላይ ተረጎመችልኝ፤ «የትኛው ነው? አሉ።»

አጎትየው መሬት አየ። ኦሞት ብድግ አለ። መካድ ይችል ነበር፤ ዶቃ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ማን ያውቅበታል? ሄዶ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከና ጣቱን አንዷ ላይ አኖረ። «ይሄ ነው» አለ በቋንቋው፤ እሱን ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። አባንግ በጎጆው በር ቆማ ታይ ነበር።

ሽማግሌው ያችን ዶቃ ለብዙ ጊዜ ያዟት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እላይዋ ላይ እንትፍ አሉ። ተጸየፏት፣ አለቀለት ልጁ አልኩ። ቀጥለው ግን ክሩን ሁሉ ሰብስበው በአንገታቸው አጠለቁና ኦሞትን በትከሻው ይዘው አነሱት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የደጋ ሰው ልጅ ነኝ፤ የእኛም ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንደሚል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰማያዊ ምላስ፣ ያ ሁሉ እርጥብ እጅ ዓይኔ ውስጥ ስለነበረ ነው። አሪየትን በክንዷ ያዝኳት።

«ምርቃት ነው አይደል? እውነቱን ንገሪኝ፣ እንደ መጸየፍም አልመሰለሽም?»

«ምርቃት ነው እትዬ። ለዶቃዋ።»

«ለዋጣትስ ሰውዬ?»

አሪየት ወንድሟ ወደ አባንግ ሲራመድ እያየች ነበር፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ለእሱ ሽማግሌ ምራቁን አያባክንም» አለች።